መጽሐፎቻችንን ከጓዳ እናውጣ

ኮሌጅ ሳለሁ ሂሳብ አያያዝ የሚያስተምሩን አንድ ጎልማሳ መምህር ነበሩ። ክፍል ውስጥ ቁጥብ ናቸው፤ ከትምህርቱ ውጪ አንድ ቃል አይወጣቸውም። ትምህርቱ ሲያልቅ ግን ሰርቪሱ እስኪመጣ ድረስ ኒም ዛፍ ሥር ቆመው ልብ ወለድ ያነባሉ። መምህር የሚያነበው ለማስተማር ብቻ ይመስለኝ ነበርና ነገሩ ገረመኝ። አንድ ቀን ዓይኔ መጽሐፉ ላይ እንደ ቀረ አዩኝ። ምንም ሳይሉ ምልክት ያደረጉበትን ቁራጭ ወረቀት አውጥተው ኪሳቸው ከተቱና መጽሐፉን ሰጡኝ። የበዓሉ ግርማ "ከአድማስ ባሻገር" ነበር። ከሁለት ሳምንት በኋላ ልመልስ ስሄድ "ምን ተማርክበት?" ቢሉኝ የምመልሰውን አጥንቼ ነበር። እሳቸው ግን፣

"ከማን ጋር ተጣላህ?" አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። መጽሐፉን ይዤ ተመለስኩና እንደገና አነበብኩት። በሁለተኛው ጊዜ ከአበራ ጋር እንደ ተጣላሁ ነገርኳቸው። ለምን እንደ ተጣላሁ ስናወራ ሰርቪሱ ሁለት ጊዜ አመለጠን።

ዛሬ እኔም እዚሁ ድሬዳዋ መምህር ነኝ፤ ይህን የምጽፈውም ለሙያ ባልደረቦቼ ነው። ተማሪዎቻችን እኛን የሚያውቁን በሃንድአውት ነው። ስላይዱን ቴሌግራም ላይ እንለቃለን፤ እነሱ ያወርዱታል፤ ለሚድና ለፋይናል ይቸክሉታል፤ ፈተናው ሲያልፍ ያጠፉታል። ማታ ማታ ላይብረሪ ሄዳችሁ እዩ። የፈተና ሰሞን ከሆነ መቀመጫ አይገኝም። ጠረጴዛው ላይ ግን ያለው ተማሪው ከዶርም ይዞት የመጣው ወረቀትና ስልክ ነው። መጽሐፎቹ ጀርባቸውን ሰጥተው በመደርደሪያቸው ላይ ቆመዋል። ልጆቹ አያነቡም ብለን መምህራን ክፍል ውስጥ ሻይ እየጠጣን ስናማርር ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ፤ እኔም አማርሬያለሁ። አሁን ግን አንድ ጥያቄ አላስተኛ ብሎኛል፤ እኛ ስናነብ ያየን ተማሪ አለ?

አብዛኞቻችን እኩያሞች ነን። በ1990ዎቹ መጨረሻና በ2000ዎቹ መጀመሪያ፣ 13ቱ አዳዲስ ዩኒቨርሲቲዎች በየክልሉ በራቸውን ሲከፍቱ ተምረን የወጣን ወይም በረዳት መምህርነት የተቀጠርን ነን። ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲም በ1999 ዓ.ም. ሥራ የጀመረ የዚያው ዘመን ልጅ ነው። ያን ጊዜ ሁሉም ነገር በጥድፊያ ነበር። ሕንፃው ሳይደርቅ ተማሪ ይገባል፤ ትናንት የተመረቀው ዛሬ ያስተምራል። ለአዳዲሶቹ ላይብረሪዎች መጽሐፍ የሚመጣው በካርቶን ተጭኖ፣ ከውጭ በእርዳታ፣ አብዛኛውም ማስተማሪያ መጽሐፍ ሆኖ ነበር። ለላኩት ምስጋና ይገባቸዋል። ነገር ግን "ይህን አንብቤ ሌሊቱን ሳልተኛ አደርኩ" ብሎ አንድ ሰው በእጁ መርጦ ያስቀመጠው መጽሐፍ በዚያ ክምር ውስጥ ስንት ይሆን? ያ ሥራ ለእኛ የቀረ ሥራ ነው።

ድሬዳዋ የንግድና የባቡር ከተማ ናት እንባላለን። ስለ ከፊራና ስለ ታይዋን ገበያ፣ ስለ ለገሃር ሲወራ መጽሐፍ ማንም ትዝ አይለውም። ይህ ግን የከተማችንን ታሪክ ጎዶሎ ያደርገዋል። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሲደርስ ከጭነቱ ጋር የፊደል ሰውም ይዞ መጥቷል። የካፑቺን ሚሲዮናውያን እዚሁ ከተማ ውስጥ በቅዱስ አልዓዛር ስም የሚጠራ ማተሚያ ቤት ነበራቸው። ቤትማን የተባሉ ሰው ያዘጋጁት ትልቁ የአማርኛና የፈረንሳይኛ መዝገበ ቃላት በ1929 እ.ኤ.አ. የታተመው በዚያ ቤት ነው። ዛሬ በዓለም ትልልቅ ቤተ መጻሕፍት የሚገኘው ያ መዝገበ ቃላት የፊት ገጹ ላይ የድሬዳዋን ስም ይዟል። ስንቱ የድሬ ተማሪ ይህን ያውቃል?

ከዚያ ቀደም ብሎ የድሬዳዋ ነጋድራስ ሆነው የሠሩትን ሰው አስቡ። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ጀርመን አገር የተማሩ፣ የምጣኔ ሀብትን ነገር በአማርኛ ለማሰብ ቀድመው የደፈሩ ሰው ናቸው። እውቀት የሌለው ሕዝብ ጥሬ ዕቃውን እየሸጠ የተሠራ ዕቃ ሲገዛ እንደሚኖርና በዚህም እየደኸየ እንደሚሄድ አስረድተዋል። በድሬዳዋ ጉምሩክ የሚያልፈው ጭነት ራሱ የሐሳባቸው ምሳሌ ነበር፤ ቡናና ቆዳ ይወርዳል፣ ጨርቅና ብረት ይወጣል። እኚህ ሰው በ1911 ዓ.ም. ገና ሠላሳዎቹን ሳይዘልቁ ሞቱ። "መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር" የታተመው እሳቸው ካረፉ ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1916 ዓ.ም. ነው። ረቂቁን አክብሮ ያቆየና ለማተሚያ ቤት ያበቃ ሰው ባይኖር ኖሮ ዛሬ የኢኮኖሚክስ ተማሪዎቻችን ስማቸውን እንኳ ባላወቁ ነበር። በዚያው ዘመን በዚያው የድሬዳዋ ነጋድራስነት ወንበር ላይ የተቀመጡት ሌላው ሰው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ናቸው። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ የሚባለውን መጽሐፍ በ1908 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ ያሳተሙት እሳቸው ናቸው። ኋላ ከወራሪው ጋር መቆማቸው ስማቸውን አጥቁሮታል፤ ይህን መደበቅ አይገባም። ቢሆንም የአማርኛ ልብ ወለድ የጀመረበት እጅና የአማርኛ ምጣኔ ሀብት የጀመረበት እጅ በአንድ ከተማ፣ በአንድ መሥሪያ ቤት ማኅተም መምታታቸውን ለተማሪዎቻችን ነግረናቸዋል? የገብረ ሕይወት መጽሐፍ አንድ መምህር በገዛ እጁ ጽፎበት ያኖረው ቢሆን፣ ጉምሩክ ግቢ በር ላይ በባጃጅ የሚያልፈው ተማሪ ያንን በር በሌላ ዓይን ያየው ነበር።

ወደ ሐረር ደግሞ እንውጣ፤ የደንገጎን ዳገት ጨርሰን ትንሽ ነው። ሐረር የቆየ ልማድ አላት። ሰው መጽሐፉን ወቅፍ ያደርገዋል። በአንዱ ጠርዝ ላይ ይጽፍበታል፤ ይህ መጽሐፍ አይሸጥም፣ አይወረስም፣ የሚማር ሰው ያንብበው ብሎ ለአላህ ይሰጠዋል። መጽሐፉ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ የማንም አይደለም፤ ላነበበው ሁሉ ነው። ከእነዚህ ጥንታውያን ጽሑፎች ብዙዎቹን አብዱላሂ ሸሪፍ ከየቤቱ እየለመኑ፣ እየገዙ፣ ሰብስበው ሐረር ውስጥ በሙዚየማቸው አኑረዋቸዋል። የተቀዳደደውን ይጠግናሉ፤ የሐረርን የመጽሐፍ አደጓጐስም አስነስተዋል። በቤተ ክህነቱ በኩልም መጻሕፍት ቤት የገባ ተማሪ መጽሐፉን ብቻውን ይዞ አይቀመጥም። እሱ ያነባል፣ መምህሩ ይተረጉማሉ፤ መጽሐፍና መምህር አይለያዩም። እንግዲህ የአያቶቻችን መስጊድም ደብርም መጽሐፍን የሰው እጅ ይዞት የሚሄድ ነገር አድርገው ነው ያዩት።

የቅርብ ዘመን ሰዎችም ቢሆኑ የሚወዱትን ለሌላ ማካፈል ያውቁ ነበር። ወጋየሁ ንጋቱ "ፍቅር እስከ መቃብር"ን በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ፊደል ያልቆጠረ ገበሬ ሳይቀር ጉዱ ካሣን ወዳጁ አደረገው። በ1975 ዓ.ም. የበዓሉ ግርማ "ኦሮማይ" ወጥቶ ወዲያው ሲታገድ መጽሐፉ ከእጅ ወደ እጅ፣ በጋዜጣ ተጠቅልሎ፣ ለአንድ ሌሊት እየተዋሰ ተነበበ። በዓሉ በየካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ ሳይመለስ ቀረ፤ መጽሐፉን ያዋሱት ሰዎች የሚያስከትለውን ያውቁ ነበር፤ ቢሆንም አዋሱት። እኛ ዛሬ ለማዋስ የሚጠይቀን ትንሽ ድፍረት ነው። ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስን ደግሞ አስቡ። ከትምህርት ቤት ውጪ የመጀመሪያውን መጽሐፍ ሲያነቡ 19 ዓመታቸው ነበር፤ ቀጭን የፍቅር ልብ ወለድ። ያች መጽሐፍ ያስጀመረቻቸው ፍቅር ኋላ አሜሪካ ላይ ላይብረሪያን አደረጋቸው። ከዚያ አገራቸው ተመልሰው ለልጆች ላይብረሪ ከፈቱ፤ ሐዋሳ አካባቢ መጽሐፍ በአህያ ጋሪ አዞሩ። አንድ መጽሐፍ እጅ ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚያደርግ አስቀድሞ የሚያውቅ የለም።

ጓደኞቼ የሚሉኝን አውቃለሁ። መጽሐፍ ተወድዷል፣ በመምህር ደመወዝ አንድ መግዛትም ይከብዳል፣ የሰጠነው ደግሞ አይመለስም ይላሉ። እውነት ነው። እኔም ያዋስኳቸው ያልተመለሱ አሉ፤ አንዳንዶቹ ያሳዝኑኛል። ነገር ግን መደርደሪያችን ላይ ተሸፍኖ አቧራ የሚጠጣው መጽሐፍ ተመልሶልናል ማለት ነው? ሌላው የሚነሳው ፒዲኤፍ ነው። ልጆቹ ስልካቸው ላይ ሺህ መጽሐፍ አላቸው፤ ለምን ወረቀት እንጨምራለን ይባላል። ችግሩ እዚያው ነው። ሺህ ፋይል ይዞ የትኛውን እንደሚከፍት የማያውቅ ልጅ የጎደለው ፋይል አይደለም። "ይህን ክፈት፣ ገጽ መቶን እስክታልፍ ታገሠው፣ ከዚያ እኔን ፈልገኝ" የሚለው ሰው ነው የጎደለው።

ስለዚህ የምለምነው ይህን ነው። እያንዳንዳችን ሦስት መጽሐፍ እንምረጥ። ለኮርሱ የሚያስፈልገውን ተዉት፤ የራሳችንን እናምጣ፤ ያጣመመንን፣ ያቃናንን፣ ሃያ ዓመት አብሮን የኖረውን። የሲቪል መምህሩ የግጥም መጽሐፍ ቢያመጣ፣ የነርሲንግ መምህርቷ የታሪክ ብታመጣ ደስ ይለኛል፤ ተማሪው መሐንዲስም ግጥም እንደሚያነብ የሚያየው በዚህ ነው። በመጽሐፉ መግቢያ ላይ በእጃችን ግማሽ ገጽ እንጻፍ፤ መቼ አነበብነው፣ የት ተቀምጠን፣ ማን ሰጠን፣ ከማን ጋር ተጣላን። ከዚያ በታች ያለውን ባዶ እንተወው። ያነበበው ተማሪ ስሙንና አንድ ዓረፍተ ነገር ይጨምርበት። ዓመታት ሲያልፉ ያ ገጽ ራሱ የሚነበብ ነገር ይሆናል።

የላይብረሪ ሠራተኞች ወንድሞችና እህቶች ሆይ፣ ያለ እናንተ ይህ አይሆንም። የምንለምናችሁ አንድ መደርደሪያ ነው፤ ከበሩ ገባ ሲሉ የሚታይ፣ ቁልፍ የሌለው፣ የሪዘርቭ ሕግ የማይነካው። ለሁለት ሳምንት ይዋስ። ቢዘገይ ቅጣቱ መጽሐፉን ለአንድ ጓደኛ ማስነበብ ይሁን። ብዙዎቻችሁ ከእኛ በላይ ታነባላችሁ፤ ይህን ጠረጴዛችሁ ሥር በተቀመጠው መጽሐፍ አይቻለሁ። የእናንተም ሦስት ሦስት መጽሐፍ ይኑርበት።

ቋንቋውን ደግሞ አደራ። የድሬ ልጅ በአንድ አንደበት አያድግም። ጎረቤቱን በኦሮምኛ ሰላም ብሎ፣ በሶማልኛ ገበያ ተከራክሮ፣ በአማርኛ ቀልዶ፣ አያቱ የባቡር ሠራተኛ ከሆኑ የፈረንሳይኛ ቃል ጣል ያደርጋል። መደርደሪያችን ከዚህ ያነሰ ከሆነ የድሬ መደርደሪያ አይደለም። የኦሮምኛ ልብ ወለድ፣ የሶማልኛ ግጥም፣ የሐረሪ ታሪክ የሚወድ መምህር በመካከላችን አለ። እሱ መጽሐፉን ይዞ ካልመጣ ልጆቹ የእናታቸው ቋንቋ ላይብረሪ ውስጥ ቦታ እንደሌለው ይማራሉ፤ ይህን እያስተማርናቸው እንዳንገኝ እፈራለሁ።

ጡረታ የወጣችሁ አባቶቻችንና እናቶቻችንም እንድትመጡ ነው ልመናዬ። የ1960ዎቹ ተማሪዎች በየጥናት ክበቡ መጽሐፍ ላይ ተከራክራችሁ ያደራችሁ ናችሁ፤ አንዳንዶቻችሁ ጓደኞቻችሁን የቀበራችሁ፣ መጽሐፎቻችሁን ፈርታችሁ ያቃጠላችሁ ናችሁ። የተረፈውን ሳጥን ውስጥ አትተዉት። ያቃጠላችሁትን እንኳ ስሙን ጻፉልን፤ እኛ እንፈልገዋለን።

የመጪው ሳምንት ሐሙስ፣ ፀሐይዋ ስትበርድ፣ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ላይብረሪ ደጃፍ እሆናለሁ። "ከአድማስ ባሻገር"ን፣ የገብረ ሕይወትን መጽሐፍና ሌላ አንድ፣ ተማሪዎቼ ራሳቸው እንዲያዩት ስሙን የማልነግራችሁን መጽሐፍ ይዣለሁ። የመጀመሪያው ላይ የጻፍኩት ግማሽ ገጽ የሚጀምረው ኒም ዛፍ ሥር ቆመው በሚያነቡ የሂሳብ አያያዝ መምህር ነው። ከሥሩ ያለው ባዶ ነው፤ እስክሪብቶም ይዣለሁ።