ጎጆ ለመውጣት ዕጣ መጠበቅ እስከ መቼ?



በባህላችን ልጅ አድጎ ትዳር ሲይዝ «ጎጆ ወጣ» ይባላል። በገጠር ወላጅ ቦታ ይሰጠዋል፣ ጎረቤት እንጨትና ሣር ይዞ በደቦ ይመጣል፣ በጥቂት ቀናት ውስጥም ቤቱ ይቆማል። ዛሬ በአዲስ አበባ፣ በአዳማ፣ በባሕር ዳር ወይም በሐዋሳ ተምረው ሥራ የያዙ ሁለት ወጣቶች ከሠርጋቸው ማግስት የሚሄዱት ወደ ደላላ ነው። ሰርቪስ ቤት ተከራይተው ይገባሉ። በዓመቱ ኪራይ ሲጨመርባቸው ወደ ከተማው ዳር ይወጣሉ። እዚያም ሲጨመርባቸው ይበልጥ ወደ ዳር ይወጣሉ። የመጀመሪያ ልጃቸው ትምህርት ቤት እስኪገባ ድረስ ሦስትና አራት ሰፈር የቀየሩ ባልና ሚስት የማያውቅ አንባቢ ይኖራል ብለን አናምንም።

ባለሥልጣናቱ ስለዚህ ሲጠየቁ የሕዝብ ብዛትንና የዓለም ገበያን ይጠቅሳሉ። ሁለቱም እውነትነት አላቸው። ይሁንና የቤት ዋጋ መነሻው መሬት ነው፤ በአገራችን ደግሞ የከተማ መሬት ባለቤቱም፣ አከፋፋዩም፣ ዋጋ ተማኙም መንግሥት ነው። ስለዚህ የቤት ውድነት ከሰማይ የወረደ ቁጣ ሳይሆን የፖሊሲ ውጤት ነው ስንል ማንንም ለማሳጣት አይደለም።

ነገሩን ከሥሩ እንየው። ደርግ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ባወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። በጊዜው ለብዙ ተከራይ እፎይታ እንደነበር መካድ አይገባም። ነገር ግን መንግሥት የወረሳቸውን ቤቶች በወጉ ሳያድስ፣ ዜጋውም ለኪራይ የሚሆን ቤት እንዳይሠራ ከልክሎ ዓመታት አለፉ። የቀበሌ ቤት ጣሪያ ሲያፈስ ላስቲክ የወጠረ ሁሉ ይህን ያውቃል። ኢሕአዴግ ሲመጣ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬትን በመንግሥትና በሕዝብ እጅ እንዲቆይ አደረገ፤ ከዚያ አስቀድሞ በ1986 የወጣው የሊዝ አዋጅ ደግሞ መሬቱን የሚሸጥ ዕቃ አደረገው። የማይሸጥ ነው የተባለው መሬት በካሬ ሜትር ተለክቶ ሲቸበቸብ ኖረ።

በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ይህንን አጠናከረው። በጨረታው አሸናፊ የሚለየው 80 በመቶ በሰጠው ዋጋ፣ 20 በመቶ ደግሞ በሚከፍለው ቅድሚያ ክፍያ መጠን ነው። ሁለቱም የሚለኩት በገንዘብ ነው። ቤት የሌላት መምህርት፣ ሦስት ቤት ካለው ነጋዴ ጋር በአንድ ሣጥን ውስጥ ፖስታ ትከታለች። ማን እንደሚያሸንፍ ለመገመት ጠንቋይ ቤት መሄድ አያስፈልግም። ብቸኛው የመሬት አቅራቢ መንግሥት ሆኖ ሳለ ዋጋው በናረ ቁጥር የአስተዳደሩ ገቢ ያድጋል። ገቢዬ አደገ ብሎ የሚደሰት አስተዳደር የቤት ዋጋ ለመቀነስ እንዴት ይተጋል?

«የጋራ መኖሪያ ቤት ተሠርቶ የለም ወይ?» የሚል መራጭ ይኖራል። ተሠርቷል። በኮንዶሚኒየም ፕሮግራሙ ቁልፍ ተቀብለው ከኪራይ የወጡ በርካታ ቤተሰቦች አሉ፤ ለእነርሱ ደስ ብሎናል። ፕሮግራሙን የምንነቅፈው ተስፋውን ከአቅሙ በላይ ስለሸጠ ነው። በ1997 ዓ.ም. (የምርጫ ዓመት እንደነበር ልብ ይሏል) በአዲስ አበባ ወደ 450 ሺህ ሰው ተመዘገበ። በ2005 ምዝገባው እንደገና ሲከፈት ነባሮቹን ጨምሮ ቁጥሩ ከ900 ሺህ በላይ ደረሰ። በዚያ ዓመት ለ20/80 ባለ ሁለት መኝታ የተመዘገበ ሰው በየወሩ 561 ብር እንዲቆጥብ ተነገረው። ከደመወዙ ቀንሶ፣ ከእቁቡ ቀንሶ፣ አንዳንዱም ከልጁ ወተት ቀንሶ ቆጠበ። ይህን አሥር ዓመት ሙሉ ሳያቋርጥ ያደረገ ሰው፣ ወለዱ ሳይታሰብ፣ ያጠራቀመው 67,320 ብር ነው። ዛሬ በዚያው ከተማ ባለ ሁለት መኝታ ቤት የሚከራይ ሰው ይህ ገንዘብ የአንድ ዓመት ኪራይ እንኳ አይሸፍንለትም።

ቆጣቢው ያለፈበት ውጣ ውረድ ግን በዚህ አላበቃም። በሐምሌ 2014 ወጣ የተባለው ዕጣ፣ ብቁ ያልሆኑ ሰዎች በመረጃ ቋቱ ውስጥ ገብተው በመገኘታቸው በቀናት ውስጥ ተሰረዘ። ከተማ አስተዳደሩ ራሱ ነው ይህን ለሕዝብ ያሳወቀው። እንኳን ደስ አለሽ ተብላ ዘመድ የሰበሰበች እናት ደስታዋን መልሳ እንድትሰጥ ተደረገ። ዕጣው በኅዳር 2015 እንደገና ወጣ። ቀሪው ቆጣቢ ደግሞ በማኅበር ተደራጅ፣ የግንባታውን ወጪ አብዛኛውን ክፍል አስቀድመህ በዝግ ሒሳብ አስገባ ተባለ። ይህን ያህል ገንዘብ በእጁ ቢኖረው ኖሮ መጀመሪያውኑ ለምን ዕጣ ይጠብቅ ነበር?

ዕጣ የደረሰው ሁሉም ቤቱ ውስጥ አልገባም። ቅድመ ክፍያው ወይም ወርኃዊ ዕዳው የከበደው ሰው ቤቱን አከራይቶ እርሱ ራሱ ርካሽ ኪራይ ፍለጋ ሄደ፤ ያልቻለውም መሸጥ ክልክል በሆነበት ጊዜ ውስጥ በውክልና ሰጥቶ ወጣ። ለዝቅተኛ ገቢ ተብሎ በድጎማ የተሠራ ቤት ገንዘብ ወዳለው እጅ የገባው በዚህ መንገድ ነው። የመጀመሪያ ቤቱን የሚፈልገው ወጣት ያንኑ ቤት በገበያ ዋጋ፣ የደላላ ኮሚሽን ጨምሮ እንዲገዛ ይጠየቃል።

በምን ገንዘብ ይግዛ? የመንግሥት የቤት ብድር ባንክ የነበረው የቤቶችና ቁጠባ ባንክ ስሙ ወደ ኮንስትራክሽንና ቢዝነስ ባንክ ተቀየረ፤ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ጋር ተዋሕዶ ጠፋ። በቅርብ ዓመታት ለቤት ብድር የተቋቋመ የግል ባንክ ሥራ መጀመሩ በጎ ነው፤ ነገር ግን አንድ እንጨት ጎጆ አይሆንም። እስከ ዛሬ በአገራችን በዝቅተኛ ወለድ የረጅም ጊዜ የቤት ብድር በቀላሉ የሚያገኘው የባንክ ሠራተኛ ነው። ለባንክ ሠራተኞች አንመቀኝም። ለእነርሱ የሚቻል ነገር ደመወዙ በዚያው ባንክ ለሚገባለት ነርስ ለምን እንደማይቻል ግን እንጠይቃለን።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሬ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚገባው የግንባታ ዕቃ ዋጋ ሰማይ ነክቷል። በባንክ ደብተር የተቀመጠ ብር ግን ቁጥሩ እንጂ አቅሙ የለም። የቆጠበ ተቀጣ፣ መሬት አጥሮ የተቀመጠ ከበረ። በዚያው ዓመት የወጣው የኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ማድረጉን እንደግፋለን፤ ነባሩን ተከራይ ይጠብቃል። አዲስ ቤት ግን አይሠራም።

ፓርቲያችን ለእያንዳንዱ ቤተሰብ ቤት ሠርቶ ይሰጣል ብለን ቃል አንገባም። እንዲህ ብሎ ቃል የገባ ሁሉ የት እንዳደረሳችሁ አይታችኋል። ቃል የምንገባው በእጃችን ሊሆን በሚችለው ላይ ነው። በየከተማው ለመኖሪያ ከሚዘጋጀው ቦታ ግማሹ ከጨረታ ወጥቶ፣ በስሙም በትዳር ጓደኛውም ስም ቤት ለሌለው ነዋሪ በትንንሽ ይዞታና የመሠረተ ልማቱን ወጪ ብቻ በሚሸፍን ዋጋ ይሰጣል። ቦታ የሚሰጠው ሰው ስም በየወረዳው ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፤ ጎረቤት ጎረቤቱን ስለሚያውቅ ከዚህ የተሻለ ተቆጣጣሪ የለም። ለዓመታት ታጥሮ የቆየ ባዶ ቦታ በየዓመቱ የሚያድግ ግብር ይከፍላል ወይም ይመለሳል። የቀበሌ ቤት ነዋሪ የኖረበትን ቤት በረጅም ጊዜ ክፍያ የመግዛት መብት ይኖረዋል፤ ሰፈሩ ለልማት ቢፈለግ እንኳ እንደ ባለቤት ይካሳል። ለመጀመሪያ ቤት ብቻ የሚያበድር፣ ቆጣቢው የከፈለው ከዋጋ ንረት ጋር እየታሰበ የሚያድግለት ባንክ እናቋቁማለን።

ይህ ያስከፍላል። ከተሞች ከሊዝ ጨረታ የሚያገኙት ገቢ ይቀንሳል፤ አንዳንድ መንገድና አንዳንድ ሐውልት ይዘገያል። ይህን ደብቀን ድምፅ አንለምንም። መሬት የግል ይሁን የሚለው አቋማችንም የታወቀ ነው፤ ነገር ግን ሕገ መንግሥት ማሻሻልን ስለሚጠይቅ በአንድ ምርጫ የሚያልቅ አይደለም። ከላይ የዘረዘርነው ግን አንቀጽ 40 ባለበት ሆኖ በአዋጅና በደንብ ሊሠራ የሚችል ነው። እስካሁን ያልተሠራው ሕግ ስለከለከለ አይደለም።

ለቅስቀሳ ደጃችሁ የሚመጣ ዕጩ ሁሉ፣ የእኛንም ጨምሮ፣ ከመሄዱ በፊት ይጠየቅ። በዚህ ወረዳ ባለፈው ዓመት ስንት ቦታ ተሰጠ? ለማን? በስንት ብር? አላውቅም ካለ ዝርዝሩን ይዞ እንዲመለስ ቀጠሮ ስጡት።