ለጀልባ ሁለተኛ ባትሪ

በጋ ሲገባ ጄኔቭ በሌማን፣ ዙሪክም በሐይቋ ላይ በሞተር ጀልባ የሚዝናኑ ወገኖች አይጠፉም። ሙዚቃውም፣ ማቀዝቀዣውም፣ መብራቱም ሞተሩን ከሚያስነሳው ባትሪ ላይ ከሆነ ግን ጨዋታው ሲደምቅ ባትሪው ይሞታል።

በሐይቁ ዳር ያለው ብርቱካናማ መብራት በደቂቃ 40 ጊዜ ብልጭ ሲል ኃይለኛ ነፋስ ሊነሳ ይችላል፤ 90 ጊዜ ሲሆን ማዕበል ቀርቧል። ያን ጊዜ ሞተር እምቢ ካለ ለነፍስ ያሰጋል።

መፍትሔው ሁለተኛ ባትሪ ነው፤ አንዱ ለማስነሻ ብቻ፣ ሌላው ለቀረው። ኔጌቲቮቹ ይገናኙ፤ ፖዘቲቮቹ ግን በመምረጫ ማብሪያ ይለያዩ። ወደ መብራትና ሙዚቃው በሚሄደው ሽቦ ላይ፣ ከባትሪው አጠገብ፣ ፊውዝ ይግባ። መልህቅ ሲጥሉ ማብሪያውን ወደ ሁለተኛው ያዙሩት።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታልና፣ ሥራው ከወደብ ሳይወጡ ይለቅ።