ከዴሲቤል በፊት የስሕተት ሒሳብ፦ ስለ አቶም ኢንተርፌሮሜትር ትብነት አንድ አስተያየት

የአቶም ኢንተርፌሮሜትርን ትብነት በኳንተም ዘዴዎች ስለ ማሻሻል የሚቀርቡ ጥናቶች ውጤታቸውን ብዙውን ጊዜ በዴሲቤል ይገልጻሉ። የዚህ ጽሑፍ አቋም ዴሲቤል ብቻውን የመሣሪያን ብቃት አይመሰክርም የሚል ነው። የኳንተም ዘዴ ፍሬ የሚሰጠው የተለመዱት የስሕተት ምንጮች ከኳንተማዊው መዋዠቅ በታች ሲወርዱ ነው። ስለዚህ ተመራማሪው አቶሞችን ከማቆላለፉ በፊት የመሣሪያውን ስሕተቶች በየምንጫቸው ለይቶ ማስላት ይገባዋል።

እ.ኤ.አ. በ1991 ማርክ ካሰቪች እና ስቲቨን ቹ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ባሳዩት ስልት፣ የቀዘቀዙ አቶሞች በሦስት የሌዘር ምቶች ይመታሉ። የመጀመሪያው ምት የእያንዳንዱን አቶም ሞገድ በሁለት ጎዳናዎች ይከፍላል፤ ሁለተኛው አቅጣጫቸውን ያለዋውጣል፤ ሦስተኛው መልሶ ያገናኛቸዋል። በጎዳናዎቹ መካከል የሚፈጠረው የፌዝ ልዩነት ከስበት ፍጥንጥነት ጋር፣ እንዲሁም በምቶቹ መካከል ካለው ጊዜ ካሬ ጋር ተመጣጣኝ ነው። በሩቢዲየም አቶሞች፣ በምቶቹ መካከል 0.1 ሰከንድ ቢኖር፣ የምድር ስበት የሚፈጥረው ፌዝ ወደ 1.6 ሚሊዮን ራዲያን ይጠጋል።

በመጨረሻ የሚቆጠረው በየሁኔታው የተገኙት አቶሞች ብዛት ነው። ያልተቆላለፉ አቶሞች እያንዳንዳቸው እንደ ተጣለ ሳንቲም ለብቻቸው ስለሚወድቁ፣ የፌዙ ስሕተት የሚቀንሰው በአቶሞቹ ቁጥር ካሬ ሥር መጠን ብቻ ነው። ለ1 ሚሊዮን አቶሞች ይህ ወሰን 1 ሚሊራዲያን ነው። ከላይ ባለው ምሳሌ፣ በአንድ ልኬት ከስበት ፍጥንጥነት ከ10 ቢሊዮን 6 እጅ ያህል ስሕተት ማለት ነው።

ኢንታንግልመንት ይህን ወሰን ይሰብራል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ፣ የተቆላለፉ አቶሞች የአንዱን መዋዠቅ በሌላው ያካክሳሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 የስታንፎርድ ተመራማሪዎች በመስታወቶች መካከል ባጠመዷቸው ግማሽ ሚሊዮን ያህል የሩቢዲየም አቶሞች ላይ የመዋዠቁን ቫሪያንስ በ100 እጥፍ፣ ማለትም በ20 ዴሲቤል፣ ዝቅ አድርገዋል። ስሕተቱ ራሱ በ10 እጥፍ ቀነሰ ማለት ነው። ያለ መቆላለፍ ይህን ለማግኘት አቶሞቹን 100 እጥፍ ማብዛት፣ ወይም የመውደቂያውን ቁመት 10 እጥፍ፣ ከ20 ሳንቲሜትር ወደ 2 ሜትር፣ ማሳደግ ያስፈልግ ነበር። ጥቅሙ ቀላል አይደለም።

ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። ያ የ1 ሚሊራዲያን ወሰን ወደ ፍጥንጥነት ሲመነዘር በሰከንድ ካሬ 6 ቢሊዮንኛ ሜትር ገደማ ነው። በተራ ቤተ ሙከራ ወለል ላይ ያለው ንዝረት ከዚህ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ንዝረቱ የሚያንቀሳቅሰው የሌዘሩን ማጣቀሻ መስታወት ስለሆነ፣ አቶሞቹ ቢቆላለፉም ባይቆላለፉም ስሕተቱ ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 በኮሎራዶ የሚገኘው የጂላ ተቋም ተመራማሪዎች በተቆላለፉ 700 ያህል አቶሞች ኢንተርፌሮሜትር ሠርተው ወሰኑን በ1.7 ዴሲቤል አልፈዋል። መርሑን በማረጋገጡ ታላቅ ሥራ ነው። ነገር ግን ለ700 አቶሞች ወሰኑ ራሱ 38 ሚሊራዲያን ገደማ ነው፤ 1 ሚሊዮን ያልተቆላለፉ አቶሞች ደግሞ 1 ሚሊራዲያን ሊደርሱ ይችላሉ። ዴሲቤሉን ብቻ ያነበበ ተማሪ ይህን አያይም።

የተለመደው ስሕተት አንድ ቀን መቀነሱ ስለማይቀር ዘዴው ከወዲሁ ይዘጋጅ የሚሉ ባልደረቦች አሉ። አባባላቸው እውነት አለው። ሆኖም የስበት ሞገድ መፈለጊያው ላይጎ ያስተማረን ቅደም ተከተልን ነው። በላይጎ እ.ኤ.አ. በ2019 በጀመረው ሦስተኛ የምልከታ ዙር የተጨመቀ ብርሃን በቋሚነት ሥራ ላይ ሲውል ጥቅም የሰጠው፣ ቀደም ሲል በረዥም ድካም ንዝረቱ ተገትቶ ኳንተማዊው መዋዠቅ ጎልቶ ስለነበረ ነው።

እንግዲህ ኢንታንግልመንት ዛሬውኑ የት ይገባል? በእኔ እምነት ቀዳሚው ቦታ የስበት ግሬዲዮሜትር ነው። ሁለት የአቶም ደመናዎች በአንድ ሌዘር ሲለኩ የመስታወቱ ንዝረት ለሁለቱም የጋራ ስለሆነ በመቀናነስ ይጠፋል፤ ኳንተማዊው መዋዠቅ ግን ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ2022 የበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በዚህ ዓይነት መሣሪያ ከቤተ ሙከራ ውጭ በመሬት ውስጥ ያለ ዋሻ መለየት ችለዋል። ሁለተኛው ቦታ ቁመታቸው ሊያድግ የማይችል ተንቀሳቃሽ መሣሪያዎች ናቸው። በስምጥ ሸለቆ፣ ለምሳሌ በአሉቶ እሳተ ገሞራ ላይ፣ ከመሬት በታች የሚደረግን የፈሳሽ እንቅስቃሴ በስበት ለውጥ ለመከታተል የሚሻ ተመራማሪ 10 ሜትር ማማ ተሸክሞ ተራራ አይወጣም። ለእርሱ የተቆላለፉ አቶሞች የቁመት ምትክ ናቸው።

ስለዚህ በዚህ ዘርፍ የሚቀርብ ማንኛውም የመመረቂያ ጽሑፍ ከዴሲቤሉ ጎን ለጎን ሦስት ነገሮችን ቢገልጽ መልካም ነው፦ በፍጥንጥነት አሐድ የተገለጸ ፍጹም ትብነት፣ ከሁሉም የሚያይለው የስሕተት ምንጭ፣ እንዲሁም አቶሞቹን ለማቆላለፍ የጠፋው ጊዜና የጠፉት አቶሞች። እነዚህን ለማስላት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ አንድ የድኅረ ምረቃ ተማሪ በወረቀትና በኮምፒዩተር ሊሠራቸው ይችላል። ሒሳቡ ተሠርቶ ኳንተማዊው መዋዠቅ ከሁሉ ልቆ ከተገኘ፣ ያን ጊዜ አቶሞቹን ማቆላለፍ ተገቢ ይሆናል።