ከክሬኑ በፊት የእጅ ዊንቹ ይቅደም

የባሕር ዛፍ ግንድ ነጋዴ የወጪ መዝገቡን ሲገልጥ የዛፉ መግዣ፣ የማስቆረጫ፣ የመኪና ኪራይና የደላላ አበል በየመስመሩ ተለይተው ተጽፈው ያገኛቸዋል። ስለ ጭነቱ የሚገኘው ግን «ጫኝና አውራጅ» የምትል አንዲት መስመር ብቻ ናት። ነጋዴው ይህችን መስመር የሚያስታውሳት ዋጋዋ ሲጨምርና ከጫኞቹ ጋር ክርክር ሲነሣ ነው። ሆኖም መስመሯ ከምታሳየው የምትደብቀው ይበልጣል። ግንዱ በምን ያህል ርዝመት እንደሚቆረጥ፣ ገበሬው ዛፉን ስንት ዓመት እንደሚያቆየው፣ መሰንጠቂያ ቤቱ ምን ዓይነት ጣውላ እንደሚያወጣ፣ ጫኙም በአርባ ዓመቱ ወገቡ ጤነኛ መሆን አለመሆኑ በከፊል የሚወሰነው በዚያች መስመር ላይ ነው።

አንድ ስሌት መመልከት ይበቃል። ውፍረቱ 40 ሳንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ 4 ሜትር የሆነ ግንድ ግማሽ ሜትር ኩብ ያህል እንጨት አለው። አዲስ የተቆረጠ ባሕር ዛፍ ክብደቱ ከውሃ ክብደት ብዙ ስለማይርቅ፣ ይህ ግንድ ብቻውን 5 ኩንታል ገደማ ይመዝናል። 8 ሰው ተጋግዞ ቢያነሣው ለእያንዳንዱ ከ60 ኪሎ በላይ ይደርሰዋል። ያውም ሸክሙ እኩል ከተከፋፈለ ነው። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1967 ባወጣው የምክር ሐሳብ ቁጥር 128፣ አንድ ጎልማሳ ወንድ ሠራተኛ በእጁ የሚያጓጉዘው ሸክም ከ55 ኪሎ የሚበልጥባቸው አገሮች በቶሎ ወደዚያው ልክ እንዲያወርዱት አሳስቧል።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል። ግንድ ግን እንደ ሎሚ አይከፋፈልም። በመኪናው ጎን ለጎን ሊቆም የሚችለው ሰው የተወሰነ ነው፤ ከፊት ያለው ቢያዳልጠው ሸክሙ በቅጽበት ወደ ቀሪዎቹ ይዞራል። ስለዚህ የግንድ ጭነት ችግር የሰው ቁጥር በመጨመር ብቻ የሚፈታ አይደለም።

ለትከሻ ሲባል የሚቆረጥ ግንድ

ከገበያው አንፃር ትልቁ ኪሳራ የሚደርሰው ከጭነቱ በፊት ነው። ሰው የማያነሣው ግንድ ጫካው ውስጥ ወይም ማሳው ዳር ያጥራል። 4 ሜትር ሆኖ ቢሄድ ለረጅም ጣውላ ወይም ለወራጅ ይውል የነበረው ከሁለት ይቆረጥና አጭር እንጨት ሆኖ ይሸጣል። በመጋዝ ብናኝ ከሚጠፋው ይልቅ የሚጎዳው የአገልግሎቱ ደረጃ መውረዱ ነው። ረጅም እንጨት ሁልጊዜ ሊያጥር ይችላል፤ አጭሩን ግን ማስረዘም አይቻልም። ገዢው ለረጅሙ የተሻለ ዋጋ የሚሰጠውም ይህን ምርጫ ስለሚገዛ ነው።

ሁለተኛው ጉዳት የዛፉን ዕድሜ ይመለከታል። በጉራጌ፣ በጎጃምና በሌሎችም አካባቢዎች ገበሬው ባሕር ዛፉን ገና አጣና ሳለ የሚሸጠው በዋነኛነት ጥሬ ገንዘብ ስለሚያስፈልገው ነው። ይሁን እንጂ ዛፉን አቆይቶ ለማወፈር የሚፈልግ ገበሬ ቢኖርም፣ ወፍራሙን ግንድ ከማሳው አውጥቶ መኪና ላይ የሚሰቅልለት ከሌለ ትርፉ በቦታው ይቀራል። ደላላው «ወፍራሙ አያዋጣም» ሲለው ስለ እንጨቱ ጥራት እየነገረው አይደለም፤ የሚነግረው ስለ ጫኞቹ ትከሻ ነው።

መፍትሔው ክሬን የተገጠመለት መኪና ነው የሚሉ አሉ። በቀን ብዙ ግንድ ለሚያስተናግድ ትልቅ መሰንጠቂያ ይህ ትክክል ሊሆን ይችላል። ለአነስተኛው ነጋዴ ግን ሒሳቡ ሌላ ነው። ብር በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት 57 ብር አካባቢ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ወጥቷል። ከውጭ የሚመጣ ማሽን የብር ዋጋውም በዚያው ልክ ተሰቅሏል። በሳምንት አምስት ስድስት ጊዜ ብቻ ለሚጭን ሰው እንዲህ ያለ ካፒታል አብዛኛውን ጊዜውን ቆሞ የሚውል ንብረት ነው።

ብልሃቱ ከየት ይገኛል?

በትከሻና በክሬን መካከል ሌላ መንገድ አለ፤ አዲስም አይደለም። በ19ኛው መቶ ዓመት በሰሜን አሜሪካ ጫካዎች ግንድ በጋሪና በበረዶ ላይ ተንሸራታች ይጫን የነበረው ሁለት አጋዳሚ እንጨቶችን አጋድሞ፣ ሰንሰለት በግንዱ ሥር አሳልፎ፣ ከማዶ በፈረስ በመጎተት ነበር። ግንድ ለማንከባለል እስከ ዛሬ የሚያገለግለውን ሜንጦ ያለው ዘንግ በ1850ዎቹ መጨረሻ የሠራው የሜይን ግዛት ቀጥቃጭ ጆሴፍ ፒቪ ነው። በእንፋሎት የሚሠሩ መጫኛዎች የመጡት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። እነዚያ ነጋዴዎች ሞተሩን ከመግዛታቸው በፊት ብልሃቱን ተጠቅመውበታል ማለት ነው።

ዛሬ በፈረሱ ቦታ የእጅ ዊንች ማቆም ይቻላል። አሠራሩ እንዲህ ነው። የመኪናው ካሶኒ ከፍታ 1 ሜትር ከ20 ነው እንበል። ከመሬት ወደ ካሶኒው ርዝመታቸው 3 ሜትር ከ60 የሆነ ሁለት ጠንካራ አጋዳሚዎች ይደገፋሉ። በዚህ ዳገት ላይ 5 ኩንታሉን ለማንከባለል የሚያስፈልገው ኃይል ወደ ሲሶ ይወርዳል። ቀጥሎ የገመዱ አንድ ጫፍ ካሶኒው ላይ ይታሰርና፣ በግንዱ ሥር ዞሮ በላዩ ተመልሶ ከመኪናው ማዶ ወዳለው ዊንች ይሄዳል። ግንዱ በገመዱ እቅፍ ውስጥ ስለሚንከባለል ኃይሉ እንደገና በግማሽ ይቀንሳል። 5 ኩንታል የነበረው 83 ኪሎ ሆነ፤ ሰበቃው ሲጨመር 100 ኪሎ ይሁን። የዊንቹ እጀታ 35 ሳንቲ ሜትር፣ ገመዱ የሚጠመጠምበት በርሜል ከመሐሉ እስከ ዳሩ 5 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ እጀታው ላይ የሚያርፈው ከዚህ አንድ ሰባተኛ ነው። የዊንቹ የራሱ ሰበቃ ታክሎበት 20 ኪሎ አይሞላም። ሁለት ሰው በሁለት ወገን ቢያዞረው ለአንዱ 10 ኪሎ ማለት ነው።

ነፃ ምሳ ግን የለም። በኃይል የቀነሰው በርቀት ይከፈላል፤ አንዱን ግንድ ለመስቀል 7 ሜትር ከ20 ገመድ መጠቅለል፣ ማለትም በርሜሉን 23 ጊዜ ያህል ማዞር ያስፈልጋል። ቢሆንም ይህ ከ3 እስከ 4 ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ዋናው ነጥብ እዚህ ላይ ነው። ግንድ ለመጫን የጎደለው ጠቅላላ የሰው ጉልበት አይደለም፤ የጎደለው ጉልበቱን በአንድ ቅጽበት ማሰባሰብ ነው። ዊንች ስምንት ሰዎች በአንድ ትንፋሽ የሚያወጡትን ሁለት ሰዎች በደቂቃዎች ከፋፍለው እንዲያወጡት ያደርጋል።

ገንዘብ ወጣ ብሎ ለሚያስብም ተዘጋጅቶ የሚሸጥ አለ። ቲርፎር በሚል ስም የሚታወቀው የፈረንሳይ መጎተቻ ገመዱን በሁለት መንጋጋዎች እየተቀባበለ በአንድ ዘንግ ብቻ ይሠራል፤ 800፣ 1,600 እና 3,200 ኪሎ የሚያነሡ ዓይነቶች አሉት። በየጋራዡ ሞተር ለማውረድ የሚሰቀለው ፓራንኮም የዚሁ ቤተ ዘመድ ነው።

የት ያዋጣል? የት አያዋጣም?

50 ኩንታል የሚጭን አንድ አይሱዙ 10 ግንድ ይጫንበታል እንበል። 8 ጫኞች በትከሻና በግፊያ በ1 ሰዓት ቢጨርሱ 8 የሰው ሰዓት ወጪ ሆነ። በዊንቹ ገመድ ማሰሩና መፍታቱ ተጨምሮ ለአንዱ ግንድ 10 ደቂቃ ቢያዝ፣ 3 ሰዎች በ100 ደቂቃ ይጨርሳሉ፤ ይህም 5 የሰው ሰዓት ነው። 3 የሰው ሰዓት ተቆጠበ፣ መኪናው ግን 40 ደቂቃ ተጨማሪ ቆመ።

ስለዚህ ዊንቹ የሚያዋጣው የመኪናው የአንድ ሰዓት መቆም ከአራት ሰው ተኩል የሰዓት ክፍያ የማይበልጥ ሲሆን ነው። ሾፌሩ ጭነት ፍለጋ ግማሽ ቀን በሚቆምበት የገጠር መሰብሰቢያ ይህ በቀላሉ ይሟላል። መኪኖች ተሰልፈው በሚጠብቁበት የከተማ ገበያ ላይሟላ ይችላል። 20 እና 30 ኪሎ ለሚመዝን አጣናና ማገርም ዊንች ፋይዳ የለውም፤ የሰው እጅ ይፈጥናል። መሣሪያው ቦታው ወፍራም ግንድ፣ እንዲሁም የኤሌክትሪክና የስልክ ምሶሶ ባለበት ነው። ርዝመቱ 10 ሜትር፣ አማካይ ውፍረቱ 20 ሳንቲ ሜትር የሆነ ምሶሶ አዲስ እንደተቆረጠ 3 ኩንታል ይደርሳልና።

ይህ ስሌት ግንዱ ባለማጠሩ የሚገኘውን የዋጋ ልዩነት አላስገባም። ጉዳቱንም አላስገባም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሠራተኛውን ደህንነት የመጠበቅ ግዴታ በአሠሪው ላይ ይጥላል። በጭነት ቁጥር የሚከፈለው ጫኝ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከነጋዴውም ከባለ መኪናውም ጋር የቅጥር ውል የለውም። እግሩ የተሰበረ ዕለት አሠሪው ማን እንደሆነ መለየት ያስቸግራል። ወጪው አልጠፋም፤ ከነጋዴው መዝገብ ወጥቶ በጫኙ ቤተሰብ መዝገብ ላይ ተጻፈ እንጂ።

ዊንቹ የማን ይሁን?

ብዙዎች የሚዘሉት ጥያቄ ይህ ነው። ነጋዴው ዊንቹን ገዝቶ ቢያመጣ፣ ጫኞቹ የሚያዩት ከ8 ሰው 5ቱን የሚያባርር ብረት ነው። ሊቃወሙት፣ ወይም ዊንቹ ኖረም አልኖረም የተለመደውን ክፍያ ሊጠይቁ ይችላሉ። በእነሱ ቦታ የቆመ ማንም ሰው ይህንኑ ያደርጋል። በዚህ ሁኔታ የተገዛ መሣሪያ መጋዘን ውስጥ ዝጎ ይቀራል።

ዊንቹ የጫኞቹ ማኅበር ንብረት ቢሆን ግን ነገሩ ይገለበጣል። ማኅበሩ የሚከፈለው በጭነት እንጂ በሰው ቁጥር አይደለም። 8 ሰዎች ያሉት ቡድን ለሁለት ተከፍሎ በአንድ ጊዜ ሁለት መኪና ሊጭን ይችላል። ከአንዱ ጭነት የሚጠይቀውን ዋጋ በጥቂቱ ቢቀንስ እንኳ የእያንዳንዱ አባል የቀን ገቢ ሊጨምር ይችላል። ነጋዴው ርካሽ ጭነትና ረጅም ግንድ ያገኛል፤ ጫኙም ወገቡን ያተርፋል። ሥራ ባልበዛበት ቦታ ግን ለሁለተኛው ቡድን የሚሆን መኪና ላይመጣ ይችላል። ስለዚህ ዊንቹ መጀመር ያለበት የጫኝ እጥረት ባለበት ወይም ወፍራም ግንድ ሳይጫን በሚቀርበት አካባቢ ነው።

የመግዣውን ገንዘብ በተመለከተ ሒሳቡን በጭነት ማስላት ይቻላል። የመሣሪያው ዋጋ የ60 ጭነት ክፍያ ያህል ነው፣ ከየጭነቱም አንድ አምስተኛው ለዕዳው ይቀመጣል እንበል። 300 ጭነት ሲሞላ ዕዳው ያልቃል፤ በቀን 3 መኪና ለሚጭን ማኅበር ይህ የ100 የሥራ ቀን ጉዳይ ነው። የካፒታል ዕቃዎች ኪራይ ንግድ አዋጅ ቁጥር 103 ከወጣበት ከ1990 ዓ.ም. ጀምሮ ማሽንን ያለ ቤትና ያለ መሬት ማስያዣ፣ ራሱን ማሽኑን ዋስትና አድርጎ የማከራየት መንገድ በሕግ ተከፍቷል። ከማሽን ኪራይ ኩባንያዎች ወገን ትልልቁን ብቻ ከመመልከት እንዲህ ያሉ አነስተኛ መሣሪያዎችን በጅምላ ገዝቶ ለማኅበራት ማከራየት ሊጠና የሚገባው ሥራ ነው።

መሣሪያውን አገር ውስጥ መሥራትም አይከብድም። አሮጌ ብረት በሚገኝበት በመርካቶ ምናለሽ ተራም ሆነ በየክልሉ የብየዳ ቤቶች ለክፈፉ የሚሆን ብረትና ባለሙያ አለ። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው በሦስት ነገር ነው። በርሜሉ ወደ ኋላ እንዳይሽከረከር የሚይዘው ጥርስ ከጠንካራ ብረት የተሠራ መሆን አለበት። የሽቦ ገመዱ ከሚጫንበት ኃይል አምስት እጥፍ የሚችል ይሁን፤ የተበጠሰ የሽቦ ገመድ ሰው ይገድላልና በመስመሩ ላይ ማንም መቆም የለበትም። ሦስተኛው፣ ዊንቹ ለሽያጭ ከመቅረቡ በፊት ከተጻፈበት ክብደት አንድ ሩብ ጨምሮ ተጭኖበት መሞከር አለበት። ይህን ሦስት ያላሟላ ዊንች የጫኙን አደጋ ከትከሻው ወደ እግሩ ያዛውራል እንጂ አያስቀርለትም።

ነጋዴው ዛሬ ሊያደርግ የሚችለው ቀላል ነገር አለ። በሚቀጥለው ጉዞው ስንት ግንድ «ስለማይነሣ» ብቻ እንዳጠረ፣ ስንቱም ማሳ ላይ እንደቀረ ይቁጠር። ከዚያ በረጅሙና በአጭሩ መካከል ያለውን የዋጋ ልዩነት ያባዛው። ውጤቱን ይዞ ከጫኞቹ ማኅበር ሊቀ መንበር ጋር ቢቀመጥ፣ እስከ አሁን በክፍያ ከተጨቃጨቁበት የሚበልጥ ገንዘብ ለሁለቱም መሬት ላይ ወድቆ ማየታቸው አይቀርም።