ተፎካካሪ ዳኛ ሊሆን አይገባም!

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 3 ቀን 2020 በአሜሪካ የፕሬዚዳንት ምርጫ የዓለም ዓይን ጆርጂያና ፔንሲልቬኒያ ላይ በነበረበት ሰዓት፣ በአዮዋ ግዛት ሁለተኛው የኮንግረስ ምርጫ ክልል የሚካሄደውን ፉክክር ልብ ያለው ሰው ጥቂት ነበር። ዴሞክራቷ ሪታ ሃርት በመምህርነትና በግብርና የኖሩ፣ በግዛቱ ሴኔት ያገለገሉ ሴት ናቸው። ሪፐብሊካኗ ማሪያኔት ሚለር-ሚክስ የዓይን ሐኪምና የቀድሞ የጦር ሠራዊት አባል ሲሆኑ፣ ለዚሁ ወንበር በ2008፣ በ2010 እና በ2014 ተወዳድረው ሦስቱንም ጊዜ ተሸንፈዋል። ለአራተኛ ጊዜ መመለሳቸው ራሱ አንድ ነገር ይናገራል።

ቀጥሎ የመጣው ወር ለሁለቱም እንቅልፍ የሚሰጥ አልነበረም። በመጀመሪያው ቆጠራ ሚለር-ሚክስ በ282 ድምፅ ይመሩ ነበር። በአንድ ካውንቲ የተፈጠረ የቁጥር ስህተት ሲታረም ሃርት በ162 ድምፅ ቀደሙ። ብዙም ሳይቆይ በሌላ ካውንቲ ሌላ ስህተት ተገኘና መሪነቱ ወደ ሚለር-ሚክስ ተመለሰ፤ ልዩነቱ 47 ሆነ። ሃርት ዳግም ቆጠራ ጠየቁ። በ24 ካውንቲዎች፣ አንዱ በማሽን ሌላው በእጅ፣ ወረቀቱ እንደገና ሲቆጠር 47ቱ ወደ 6 ወረደ። ኖቬምበር 30 ቀን የጸደቀው የመጨረሻ ውጤት 196,964 ለ196,958 ነው።

ስድስት ሰው! ለቡና የተጠራሩ ጎረቤቶች ቁጥር ነው። ከ390 ሺህ በላይ ወረቀት በተሰጠበት ምርጫ እንዲህ ያለ ልዩነት ሕዝቡ ማንን እንደመረጠ አይነግረንም፤ ሕዝቡ እኩል ለእኩል መከፈሉን እንጂ። አሸናፊ ግን መኖር አለበት። ስለዚህ ጥያቄው ማን የበለጠ ተወደደ ከሚለው ይወጣና፣ የትኛው ወረቀት ይቆጠራል፣ ያንንስ የሚወስነው ማን ነው ወደሚለው ይዞራል።

ሃርት ያልተቆጠሩ 22 ድምፆች አሉ ብለው ተነሡ። ፖስታው በሚገባ አልታሸገም፣ ፊርማው ከቦታው ውጭ አርፏል ተብለው የተጣሉ አሉ፤ መራጮቹ ምንም ሳያጠፉ በአስፈጻሚዎች ስህተት የቀሩም አሉ። እነዚህ ቢቆጠሩ በዘጠኝ ድምፅ አሸናፊዋ እኔ ነኝ አሉ። ይህ የማጭበርበር ክስ አልነበረም። መስረቅ የሚባል ቃል ሳይነሣ፣ እነዚህ ሰዎች መርጠዋልና ይቆጠሩ የሚል አቤቱታ ነው። በዚያ ሰሞን የፕሬዚዳንት ምርጫው ተሰርቋል ተብሎ በዋሽንግተን ከተሰማው ጩኸት ጋር አንድ ላይ መደመሩ ፍርደ ገምድልነት ነው።

ችግሩ አቤቱታው የቀረበበት ደጅ ላይ ነው። የአዮዋ ሕግ እንዲህ ላለው ክርክር በግዛቱ ዋና ዳኛ የሚመራ ባለ አምስት ዳኛ ችሎት አዘጋጅቷል። ሃርት ግን ውጤቱ ከጸደቀ በኋላ ችሎቱ እስከ ዲሴምበር 8 ቀን ውሳኔ መስጠት ስለነበረበት፣ በዚያች ሳምንት ሁሉን መርምሮ መጨረስ አይቻልም በማለት ፍርድ ቤቱን አልፈው በቀጥታ ለተወካዮች ምክር ቤት አመለከቱ። ሕገ መንግሥቱ ይፈቅድላቸዋል፤ የአንቀጽ 1 ክፍል 5 እያንዳንዱ ምክር ቤት የአባላቱን ምርጫ ራሱ እንዲዳኝ ሥልጣን ይሰጣል። በ1969 የወጣው ሕግም ሥርዓቱን ዘርዝሯል።

መፈቀዱ ግን ተገቢ ያደርገዋል ወይ? አባቶቻችን ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱም ያሉት እንዲህ ያለውን ገበታ አይተው ነው። በዚያን ጊዜ ዴሞክራቶች ምክር ቤቱን የያዙት በጥቂት ወንበር ብልጫ ነበር፤ አንድ ወንበር ለእነርሱ ብዙ ነው። ጉዳዩን የሚያየው ኮሚቴ አብላጫ አባላቱ የከሳሿ ፓርቲ ሰዎች፣ ቀሪዎቹ የተከሳሿ ፓርቲ ሰዎች ናቸው። ከዚህ የሚወጣ ፍርድ ልክ ቢሆን እንኳ ማን ልክ ነው ብሎ ይቀበለዋል?

ይህ ግምት ብቻ አይደለም፤ ታይቷል። በ1984 በኢንዲያና ስምንተኛ የምርጫ ክልል የግዛቱ ባለሥልጣናት አሸናፊነቱን የሰጡት ለሪፐብሊካኑ ሪቻርድ ማኪንታየር ነበር። በዴሞክራቶች የሚመራው ምክር ቤት ግን ወንበሩን ክፍት አድርጎ የራሱን ቆጠራ አካሄደና ዴሞክራቱ ፍራንክ ማክሎስኪ በአራት ድምፅ አሸንፈዋል አለ። በሜይ 1985 ማክሎስኪ ቃለ መሐላ ሲፈጽሙ ሪፐብሊካኖቹ ከአዳራሹ ተነሥተው ወጡ። የአራት ድምፅ ቂም ለዓመታት ከምክር ቤቱ አልወጣም።

ስለዚህ የዚህ ጋዜጣ አቋም ግልጽ ነው። ሃርት መጠየቃቸው መብታቸው ነበር፤ በስድስት ድምፅ የተሸነፈ ሰው 22 ወረቀት ይዞ ዝም በል ሊባል አይችልም። በሩን ግን ተሳስተዋል። ጠባቡን የአዮዋ ችሎት ቀድመው ሞክረው፣ ጊዜው አንሶኛል ብለው እዚያው ቢጮኹ ኖሮ፣ ጩኸታቸው ሕጉን በሚያወጡት ሰዎች ጆሮ ይደርስ ነበር። የአዮዋ ሕግ አውጪዎችም ከተጠያቂነት አያመልጡም። በሳምንት ተጀምሮ በሳምንት የሚያልቅ ችሎት መብትን ሰጥቶ መልሶ እንደ መውሰድ ይቆጠራል። ምክር ቤቱ ጃንዋሪ 3 ቀን 2021 ሚለር-ሚክስን በጊዜያዊነት ማስቀመጡ ትክክል ነበር፤ ግዛቱ ያጸደቀው ውጤት ተቃራኒው እስኪረጋገጥ ሊከበር ይገባል። ክሱ ውድቅ ይደረግ የሚለውን የሚለር-ሚክስን ጥያቄ ኮሚቴው በማርች ወር በፓርቲ መስመር ተከፋፍሎ ወደ ጎን ማድረጉ ግን ትክክል አልነበረም።

በሌላው ወገን ያለው ግብዝነትም ሳይነገር አይታለፍም። በጃንዋሪ 2021 ከመቶ በላይ የተወካዮች ምክር ቤት ሪፐብሊካኖች ግዛቶች ያጸደቁትን የፕሬዚዳንት ምርጫ ውጤት ለመቀልበስ እጃቸውን አወጡ። በማርች ደግሞ ግዛት ያጸደቀውን ማን ይነካል ብለው ቆሙ። ሚለር-ሚክስ ራሳቸው በጃንዋሪው ድምፅ ከእነዚያ መካከል አልነበሩምና ይህ ወቀሳ እርሳቸውን አይመለከትም።

በመጨረሻ ጉዳዩን የዘጋው የሃርት የገዛ ወገን ነው። የሚኒሶታው ዴሞክራት ዲን ፊሊፕስ በስድስት ድምፅ መሸነፍ ያማል፣ ውጤቱን በምክር ቤት መገልበጥ ግን አገሪቱን ይበልጥ ያማታል ሲሉ በአደባባይ ተቃወሙ። ሌሎችም ተከተሉ። ማርች 31 ቀን ሃርት አቤቱታቸውን አነሡ።

ከዚህ ጋር የኮሎራዶውን የኮንግረስ እጩ፣ ዴሞክራቱን አዳም ፍሪሽን ማንሣት ይገባል። በ2022 በሪፐብሊካኗ ሎረን ቦበርት የተሸነፉት በጥቂት መቶ ድምፅ ነው፤ ልዩነቱ ጠባብ ስለነበር ሕጉ ራሱ ዳግም ቆጠራ አዘዘ። ፍሪሽ ግን ቆጠራው ሳይጠናቀቅ ለተቀናቃኛቸው ደውለው ሽንፈታቸውን ተቀበሉ። በከንቱ ተስፋ ከደጋፊዎች ገንዘብ መሰብሰብም ትክክል አይደለም አሉ። ሲቆጠር የተቀየረው አራት ድምፅ ብቻ ሆነ፤ 550 የነበረው 546። ስድስትና አምስት መቶ አንድ አይደሉም፤ ሃርትን በፍሪሽ ሚዛን መመዘን አይቻልም። ነገር ግን ከፍሪሽ የምንማረው ቁጥሩን ማንበብ ነው፦ ዳግም ቆጠራ በአሥርና በሃያ የሚቆጠር ድምፅ ያንቀሳቅሳል እንጂ መቶዎችን የሚያነሣው ከስንት አንዴ ነው።

በአገራችን በ1997 ዓ.ም. ምርጫ ማግሥት የሆነውን የሚያስታውስ የዚህ ጋዜጣ አንባቢ፣ በስድስት ድምፅ የተነሣ ክርክር አቤቱታ በማንሣት ብቻ ሲዘጋ አንድም ሰው አለመሞቱ ይገርመው ይሆናል። ቢገርመውም አይፈረድበትም።

ሚለር-ሚክስ በ2024 በአዮዋ አንደኛው ክልል ከዴሞክራቷ ክሪስቲና ቦሃናን ጋር ተወዳድረው ያሸነፉት ከ800 ባነሰ ድምፅ ነው። ቦሃናን ዳግም ቆጠራ ጠየቁ፤ ካውንቲዎቹ ቆጠሩ፤ ውጤቱ ጸና። ያን ጊዜ ክርክሩ ከአዮዋ አልወጣም።