ስለ አሮጌ ጠርሙስ

ከሐረር ከተማ በስተደቡብ ሐኪም ጋራ የሚባል ተራራ አለ። ስሙን ያገኘው በጋራው ላይ የሚከበር ቦታ ካላቸው ከአው ሐኪም ነው። ከጫፉ ላይ ቆሞ ወደ ታች የሚመለከት ሰው ጀጐልን፥ ይኸውም አሮጌውን ከተማ፥ ከነቅጥሩ ያየዋል። በዚህ ጋራ ግርጌ ፍየል የሚጠብቅ አንድ ልጅ፥ ጐርፍ ከጠረገው አፈር ውስጥ አንገቱ ብቅ ያለ አሮጌ ጠርሙስ አገኘ እንበል። ምን ማድረግ ይገባዋል? ብዙ ሰዎች፦ «ቈፍረህ አውጣው፤ አጥበህም ሽጠው» ይሉታል። ምክሩ መልካም ይመስላል፤ ነገር ግን መልካም አይደለም።

በኤውሮፓና በአሜሪካ አሮጌ ጠርሙስ መሰብሰብ የሚወዱ ሰዎች ብዙ ናቸው። የድሮ መንደር ቈሻሻ የተጣለበትን ጕድጓድ እየፈለጉ ይቈፍራሉ፤ ያገኙትንም በመደርደሪያ ያኖሩታል ወይም ይሸጡታል። ስለ ጠርሙስ ዕድሜ ያላቸው ዕውቀት የሚናቅ አይደለም። አሜሪካዊው ሚካኤል ኦውንስ ጠርሙስ በራሱ የሚሠራ መኪና ያወጣው እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1903 ዓመት ነው። (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደዚሁ የተቈጠሩ ናቸው።) ከዚያ አስቀድሞ አብዛኛው ጠርሙስ የሚሠራው በሰው እስትንፋስ ነበር። ሠራተኛው የቀለጠውን ብርጭቆ በረጅም የብረት ቧንቧ ጫፍ ይዞ እየነፋ ያሳብጠዋል፤ ብዙውን ጊዜም በቅርጽ ማውጫ ውስጥ ይነፋዋል፤ በመጨረሻም አፉን በእጁ ያበጀዋል። ስለዚህ በጠርሙሱ ጐን ያለው የመጋጠሚያ መሥመር አንገቱ ላይ ሲደርስ ከጠፋ፥ አፉ በእጅ የተሠራ ነው። መሥመሩ እስከ ከንፈሩ ድረስ ከወጣ ግን የመኪና ሥራ ነው። መርዝ የሚይዙ ጠርሙሶች ደግሞ በጨለማ የሚዳስሳቸው እጅ እንዲያውቃቸው ብዙ ጊዜ ጐናቸው ሻካራ ተደርጎ ይሠራ ነበር። ይህ ብልህ አሳብ ነው።

የምድር ባቡር ድሬ ዳዋ የደረሰው በ1902 ነው። ከዚያ በፊት ወደ ሐረር የሚገባው የባሕር ማዶ ዕቃ እንደ ዘይላ ካሉ ወደቦች በግመል ተጭኖ ይመጣ ነበር። ግብጾች ከተማይቱን በ1875 ከያዙ በኋላ የግሪክ፥ የአርመን፥ የህንድና የፈረንሳይ ነጋዴዎች ገቡባት። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርቱር ራምቦ እንኳ በ1880 የቡና ነጋዴ ወኪል ሆኖ ወደዚህ መጥቷል። ብርጭቆ በግመል ጀርባ ያን ሁሉ በረሓ ሳይሰበር መሻገሩ ያስደንቃል። በብዙ ችግር የመጣ ጠርሙስም ቶሎ አይጣልም። መድኃኒቱ ሲያልቅ ዘይት ይደረግበታል፤ ዘይቱ ሲያልቅ ላምባ። በዚህ ምክንያት ጠርሙሱ የተሠራበት ዘመንና የተጣለበት ዘመን እጅግ ሊራራቁ ይችላሉ። የተሠራበትን ከመልኩ ማወቅ ይቻላል። የተጣለበትን የሚናገረው ግን የተገኘበት አፈር ብቻ ነው።

ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ ይባላል። ለጠጅ እውነት ነው፤ ለታሪክ ግን አይሠራም። ለዚህም ምስክሩ ከድሬ ዳዋ አጠገብ ያለው ሐርላ ነው። የዚያ አገር ሰዎች የፈረሰውን ሕንፃ ትልልቅ ድንጋይ እያዩ «የግዙፎች ከተማ ነበረ» ይሉ ነበር። እንግሊዛዊው መምህር ቲሞቲ ኢንሶል ከኢትዮጵያ የቅርስ ባለሥልጣን ጋር ሆነው ስፍራውን በጥንቃቄ ቈፈሩት፤ በ2017ም ያገኙትን ለዓለም አስታወቁ። በ12ኛው መቶ ዓመት የተሠራ መስጊድ፥ የብርጭቆ ዕቃ ስባሪ፥ የብርጭቆ ዶቃ፥ ከማልዲቭ ደሴቶች የመጣ ዛጐል፥ ከቻይና የመጣ ሸክላ ተገኘ። ከእነዚህ ስባሪዎች አንዱን ገበያ ቢያወጡት የሚገዛው የለም። ነገር ግን እያንዳንዱ ከየትኛው ቤት፥ በስንት ክንድ ጥልቀት፥ ከምን ጋር እንደ ወጣ ስለ ተጻፈ፥ ይህ አገር ከስምንት መቶ ዓመት በፊት ከሩቅ ባሕር ማዶ ጋር ይነግድ እንደ ነበር መሰከሩ። ገበሬዎችም ቀድሞ በዚያው ስፍራ የቻይና ገንዘብ ያገኙ ነበር። ከየትኛው እርሻ እንደ ወጣ ያልተጻፈ ገንዘብ ግን ይህን ያህል ሊናገር አይችልም።

እንግዲህ በስፍራው ያለ ስባሪ ከስፍራው ከተነቀለ ሙሉ ጠርሙስ ይበልጣል። «የልጁ ቤት ድኻ ቢሆንስ?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ቀላል አይደለም፤ ልጁ በሽያጩ ደብተር ሊገዛ ይችላል። ነገር ግን ገዢ አንድ ባገኘ ጊዜ አሥር ይሻል፤ አሥር ልጆችም አካፋ ያነሣሉ። በአንድ ክረምት የጋራው ጐን ጕድጓድ ብቻ ይሆናል። ያ ሁሉ አፈር ከተገለበጠ በኋላ ሊቅ ቢመጣ የሚያነበው ነገር አያገኝም። በ2000 የወጣው የኢትዮጵያ የቅርስ አዋጅም ያለ ፈቃድ መቈፈርን ከልክሏል፤ በድንገት ቅርስ ያገኘ ሰው እንዲያስታውቅ አዟል። ልጁ ጠርሙሱን ሳይነቅል ስፍራውን በድንጋይ ቢያመለክት፥ ለመምህሩም ቢነግር፥ መምህሩም ለባህል መሥሪያ ቤት ቢያስታውቅ ሥራው ተፈጽሟል። ስለት ያለው ብርጭቆ እጁን እንዳይቈርጠውም ይህ ይሻላል።

እንዲህ ሲባል መሰብሰብ ሁሉ ክፉ ነው ማለት አይደለም። የሐረሩ አቶ አብዱላሂ ሸሪፍ የብራና መጻሕፍትን፥ ገንዘብን፥ ልብስንና የዘፈን ቅጂን ሰብስበዋል፤ ያረጁትንም መጻሕፍት መጠገን ተምረዋል። ክምችታቸው በ2007 ራስ ተፈሪ በኖሩበት ቤት ገብቶ ቤተ መዘክር ሆነ። ባዶ ጠርሙስ የሚገዛው ቁራሌውም ቢሆን ከቤት ወደ ቤት ይዞራል እንጂ መሬት አይቈፍርም። በቤት ያለ ዕቃ ባለቤት አለው፤ ባለቤቱም ከማን እንደ ወረሰው፥ ምን ይደረግበት እንደ ነበር ይናገራል። ታሪኩ ከዕቃው ጋር አብሮ ይሄዳል።

ሐኪም ጋራ ራሱ በጠርሙስ ላይ የተጻፈበት ጊዜ አለ። በ1984 የተቋቋመው የሐረር ቢራ ፋብሪካ ሐኪም ስታውት የሚባል ጥቁር ቢራ አውጥቶ ነበር፤ የጋራው ስምም በጠርሙስ ተለጥፎ በብዙ ከተማ ታየ። ከእነዚህ አንዱ በቤቱ ጥግ የቀረለት ሰው ወረቀቱን ሳይልጥ፥ የተገዛበትን ዓመትና ስፍራ በትንሽ ወረቀት ጽፎ በአንገቱ ላይ ቢያስር፥ አካፋ ሳያነሣ ጠርሙስ ሰብሳቢ ሆነ ማለት ነው።