ሄሊኮፕተር መንግሥት አይሆንም

የጦር መሣሪያ ወዳጆች የማይሰለቻቸው አንድ ሰበብ አላቸው። የተሸነፈ ጦር ታሪክ በተነሳ ቁጥር «መሣሪያው አርጅቶ ነው እንጂ!» ይላሉ። አዲሱ ቢደርስ፣ ቁጥሩ ቢበዛ፣ ፍጥነቱ ቢጨምር ኖሮ... ስለ ቬትናም ጦርነት መጀመሪያ ዓመታት ሲወራ ይህ ሰበብ አንዲት ምስኪን ሄሊኮፕተር ላይ ይወድቃል። ስሟ ኤች-21 ነው፤ ወታደሮቹ «በራሪው ሙዝ» ይሏታል። ቀርፋፋ ነበረች፣ ለጥይት የተጋለጠች ነበረች፣ ለዚህም ነው ነገሩ የተበላሸው ይባላል። ይህ ሐሰት ነው። ሄሊኮፕተሯ የታዘዘችውን ሠርታለች። ያልሠራው በእሷ የተሳፈረው መንግሥት ነው።

መጀመሪያ ስለ ማሽኗ። ፍራንክ ፒያሴኪ የተባለው የፊላዴልፊያ መሐንዲስ የነደፋት ይህች ሄሊኮፕተር ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረችው እ.ኤ.አ. በ1952 ነው። ከፊትም ከኋላም ተሽከርካሪ ክንፍ አላት፤ ሁለቱ እንዳይጋጩ የኋላው ከፍ እንዲል ወገቧ ጎበጥ ተደርጎ ተሠራ። የሙዝ ስሟም ከዚያ መጣ። ሞተሯ አንድ ብቻ ነው፣ እሱም የፒስተን። የአሜሪካ አየር ኃይል በቅድሚያ የፈለጋት በአርክቲክ በረዶ ላይ ለነፍስ አድን ሥራ ነበር። በወረቀት ላይ 20 ወታደር ትጭናለች። በሜኮንግ ዳርቻ ሙቀትና ወበቅ ግን ጉልበቷ ስለሚከዳት አሥር ወይም አሥራ ሁለት ሰው ከጫነች በቂዋ ነው። ለበረዶ የታሰበችን ማሽን ረግረግ ውስጥ መላክ የማን ጥፋት እንደሆነ አንባቢ ይፍረድ።

ቬትናም ከመድረሷ በፊት ግን ሌላ ጦርነት አይታለች። ሰበበኞቹ ዘለው የሚያልፉት ይህንን ምዕራፍ ነው።

ፈረንሳይ ከ1956 ጀምሮ ኤች-21ን በብዛት ገዝታ አልጄሪያ አስገባች። ዋናው የሠራዊቱ የሄሊኮፕተር ምድብ የሰፈረው ሴጢፍ አጠገብ ነበር። ከዚያ በፊት እግረኛው ወታደር አንድ ተራራ ለመክበብ ቀኑን ሙሉ ሲወጣ ይውላል፤ ሽምቅ ተዋጊው ደግሞ ከላይ ሆኖ ሲያየው ውሎ በሌሊት ይሄዳል። ሄሊኮፕተር ይህን ገለበጠው። ወታደሩ በደቂቃዎች ውስጥ ከጫፉ ላይ ይወርዳል፣ መውጫው ይዘጋል፣ ውጊያው ሳይመሽ ያልቃል። በ1959 ጄኔራል ሻል አዲሱን ዘመቻ ሲጀምር ይህ አሠራር ተጠናቆ ነበር። የነፃነት ግንባሩ የተራራ ክፍለ ጦሮች ተሰባበሩ። በቱኒዚያ ድንበር በኩል ያለው የኤሌክትሪክ አጥርም የውጭውን እርዳታ አነቀው። በጦር ሜዳ ሚዛን ብቻ ከተለካ ፈረንሳይ አሸንፋለች ማለት ይቻላል።

ታዲያ መጋቢት 18 ቀን 1962 ኤቪያን ላይ የፈረመችው ምንድን ነበር? በዚያው ዓመት ሐምሌ ነፃ የወጣችውስ አገር የትኛዋ ናት?

ጉዳዩ ወዲህ ነው። ወታደሩ ጠዋት ከሰማይ ወርዶ ማታ ወደ ሰማይ ይመለሳል። ሲመሽ መንደሩ ውስጥ የሚቀረው ማን ነው? መዋጮ የሚሰበስበው፣ የሚዳኘው፣ የሚያስታርቀው፣ የሚቀጣው ማን ነው? ፈረንሳይ ለዚህ ጥያቄ መልስ ስታጣ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ገበሬ ከመንደሩ ነቅላ በሽቦ ወደታጠረ ሰፈር አስገባችው። መንደሩን መግዛት ስላልቻለች መንደሩን አጠፋችው። ሄሊኮፕተር በዚህ ላይ ምን ያድርግ?

በማላያ እንግሊዞች ከ1953 ጀምሮ የነበሯቸው የጭነት ሄሊኮፕተሮች ጥቂት ነበሩ፤ የመጀመሪያው የባሕር ኃይል ቡድን አሥር ብቻ ይዞ ነው የመጣው። እዚያም ሕዝብ በግድ ሰፍሯል፤ ዕርቅና ፍቅር ነበር የሚል የለም። ነገር ግን ፖሊሱ ጣቢያው ውስጥ ያድር ነበር፣ ዜግነት ተሰጠ፣ የነፃነት ቀን ተቆርጦ በ1957 ተፈጸመ። ለውጡን ያመጣው ይሄ ነው። አሥሩ ማሽኖች ረዱ እንጂ አልወሰኑም።

ወደ ቬትናም እንመለስ። ፈረንሳይ አልጄሪያን ለመልቀቅ ድርድሩን እያጠናቀቀች ሳለ፣ ታኅሣሥ 11 ቀን 1961 ሳይጎን ወደብ ላይ አንድ መርከብ ቆመ። ኤች-21 ሄሊኮፕተሮችን ከነአብራሪዎቻቸውና ከነጥገና ሠራተኞቻቸው፣ 400 ያህል አሜሪካውያንን ይዞ መጣ። አንድ ዓይነት ማሽን፣ አንድ ዓይነት ሥራ፤ በአንድ አገር ታሪኩ ሊዘጋ ወራት ሲቀሩት በሌላ አገር ተከፈተ። የማሽኗን የአጠቃቀም መመሪያ የተማሩ ሰዎች የአልጄሪያን መጨረሻ አልተማሩም።

ብዙም ሳይቆዩ ወደ 1,000 የሚጠጉ የደቡብ ቬትናም አየር ወለዶችን ከሳይጎን በስተምዕራብ አወረዱ። 1962 የደስታ ዓመት ሆነ። ሄሊኮፕተር አይቶ የማያውቅ ተዋጊ ድምፁን ሲሰማ ከምሽጉ ወጥቶ በሩዝ ማሳው ላይ ይሮጣል፤ ሜዳ ላይ የሚሮጥ ሰው ደግሞ አያመልጥም። ሪፖርቱ ሁሉ ድል በድል ነበር።

ድንጋጤ ግን ዕድሜው አጭር ነው። ቬት ኮንጎች ቁጭ ብለው አሰቡበት። አትሩጥ፤ ጉድጓድህ ውስጥ ቆይ፤ ስትተኩስ ማሽኑ ያለበት ላይ ሳይሆን ሊደርስበት ያለው ቦታ ላይ ተኩስ፤ አንድ ሆናችሁ ተኩሱ። ይኸው ነው። ገንዘብ አላስወጣም፣ ፋብሪካ አልጠየቀም።

ፈተናው ጥር 2 ቀን 1963 አፕ ባክ በምትባል የሜኮንግ መንደር መጣ። ወደ 350 የሚሆኑ ቬት ኮንጎች በቦይ ዳርና በዛፎች ጥላ ሥር መሽገዋል። የመንግሥት ጦር ወደ 1,500 ሰው፣ መድፍ፣ አውሮፕላንና ኤም-113 ብረት ለበሶች ይዞ መጣ። በዕለቱ የተገኙት ኤች-21ዎች ግን አሥር ብቻ ነበሩ። ስለዚህ ሻለቃውን በአንድ ጊዜ ማውረድ አልተቻለም፤ እያመላለሱ ማውረድ ግድ ሆነ። የመጀመሪያው ዙር ወረደ፣ ጉም መጣ፣ የቀሩት ለሰዓታት ቆሙ። ጠላት በዚህ መሀል ተነቃቅቶ ጠበቀ።

ረፋዱ ላይ ተጠባባቂው ኃይል ሲወርድ አብራሪዎቹ ከዛፎቹ 200 ሜትር ያህል ብቻ ራቅ ብለው አረፉ። እሩምታው ተከፈተ። አንዷ ኤች-21 መነሳት አቃታት። እሷን ለማዳን ሌላዋ ወረደች፤ እሷም ቀረች። አዲሲቷ ሁዬ ሄሊኮፕተር ሠራተኞቹን ላንሳ ብላ መጣች፤ ተገለበጠች። ቀኑ ሲያልቅ ከ15ቱ ሄሊኮፕተሮች ጥይት ያልነካት አንድ ብቻ ስትሆን አምስቱ ወድቀዋል። አንባቢ ልብ ይበል፦ የወደቀችው አሮጌዋ ብቻ አይደለችም።

እስከዚህ ድረስ ጥፋቱ የማሽኗ ነው ቢባል እንኳ ከዚያ በኋላ ያለውስ? ብረት ለበሶቹ ሜዳው ላይ የወደቁትን እንዲያድኑ ሲታዘዙ አዛዡ ከማን ትእዛዝ እንደሚቀበል ሲያጣራ ሰዓታት አለፉ። አሜሪካዊው አማካሪ ሌተና ኮሎኔል ጆን ፖል ቫን ከላይ በትንሽ አውሮፕላን እየዞረ በሬዲዮ ሲጮህ ዋለ። በምሥራቅ በኩል ያለው መውጫ ክፍት ነበርና አየር ወለድ እዚያ ይጣል አለ። ጄኔራል ሁይን ቫን ካኦ ግን አየር ወለዱን ሊመሽ ሲል በምዕራብ በኩል አስጣለው። ክፍቱ በር ክፍት ሆኖ አደረ፤ ቬት ኮንጎችም ሬሳቸውንና ቁስለኛቸውን ይዘው በሌሊት ወጡ። 80 ያህል የመንግሥት ወታደሮችና ሦስት አሜሪካውያን ሞቱ። የቬት ኮንግ ሙት 18 ነበር።

የአሜሪካ ጦር አዛዥ ጄኔራል ፖል ሃርኪንስ ምን አለ? መንደሯ ተይዛለችና ድል ነው አለ። ባዶ መንደር!

ካኦ በሩን ለምን ክፍት ተወው? ፈሪ ስለሆነ ብሎ ማለፍ ይቀላል። ነገሩ ግን ከዚያ ይሰፋል። ፕሬዚዳንት ንጎ ዲን ዲየም በ1960 የገዛ አየር ወለዶቹ መፈንቅለ መንግሥት ሞክረውበታል። ከዚያ በኋላ ጦሩን የሚያየው እንደ ቤተ መንግሥት አጥር ነው። አዛዦቹን የሾመው በታማኝነታቸው ሲሆን ብዙ ወታደር የሚያስገድል አዛዥ በዓይኑ እንደሚወድቅ ያውቃሉ። እንዲህ ያለ ጦር መክበብ ይወዳል፣ መግጠም አይወድም። ሄሊኮፕተር ደግሞ ለእንዲህ ያለው ጦር ከሁሉ የባሰ ስጦታ ነው፤ መንደር ሳያድሩ፣ ገበሬ ሳያናግሩ፣ ጭቃ ሳይረግጡ «ዘመቻ አደረግን» ለማለት ያስችላል። የሆነው ሆኖ ዲየምን አጥሩ አላዳነውም። ኅዳር 2 ቀን 1963 የገዛ መኮንኖቹ ገደሉት፤ የተገደለውም በኤም-113 ብረት ለበስ ውስጥ ነው። አፕ ባክ ላይ አልንቀሳቀስ ያለው ዓይነት ተሽከርካሪ ሳይጎን ላይ በደንብ ተንቀሳቀሰ።

«ካራማራን ረሳችሁት እንዴ?» የሚል እንደሚኖር ይታወቃል። አልተረሳም። በ1970 ዓ.ም. ግዙፎቹ የሶቪየት ሚ-6 ሄሊኮፕተሮች ወታደርና ቀላል ብረት ለበስ ተሸክመው ተራራውን ተሻግረው ከሶማሊያ ጦር ጀርባ አወረዱ፤ የካቲት 26 ጅጅጋ ተመለሰች። ትልቅ ሥራ ነው። ግን ጠላቱ ማን ነበር? ድንበር ጥሶ የገባ፣ ታንክና መድፍ ይዞ ምሽግ ላይ የተቀመጠ መደበኛ ጦር። ጀርባው ሲያዝ ይወድቃል፤ ሲወድቅም ወደመጣበት ይመለሳል። በስተኋላ ደግሞ ከየገጠሩ የዘመተ ሚሊሺያ ነበር። በዚያው ዘመን ያው መንግሥት ሄሊኮፕተሮቹን ሰሜን ላይ ጠላቱ የመንደሩ ልጅ በሆነበት ጦርነት አሰለፋቸው። አፋቤት በመጋቢት 1980 ዓ.ም. ወደቀች፤ ከሦስት ዓመት በኋላ መንግሥቱ ራሱ አልነበረም። ካራማራን እየጠቀሰ አፋቤትን የሚዘል ሰው ታሪክ እያስተማረ አይደለም፤ ዕቃ እየሸጠ ነው።

አሜሪካም ከአፕ ባክ የወሰደችው ትምህርት የዕቃ ትምህርት ነበር። ኤች-21 ቀርፋፋ ናት ተባለች፤ በ1964 ከቬትናም ወጣች። በቦታዋ ባለ ተርባይን ሞተሯ ሁዬ ገባች፤ ፈጣን፣ ጠንካራ፣ ለጥገና ቀላል። ሰበበኞቹ የሚመኙት ሁሉ ሆነ። አሥር ሄሊኮፕተር ጎድሎ የነበረበት አገር ጦርነቱ እስኪያልቅ ወደ 12,000 የሚጠጉ ተመላለሱበት፤ ከ5,000 በላይ የሚሆኑት ጠፉ። ሚያዝያ 1975 መጨረሻ ላይ ሳይጎን ስትወድቅ ሸሽተው የመጡ ሁዬዎች በባሕር ላይ ባሉት የአሜሪካ መርከቦች ወለል ላይ ተደራረቡ። ቦታ አልበቃም። መርከበኞቹ ሰው ካወረዱ በኋላ ሄሊኮፕተሮቹን በእጃቸው እየገፉ ወደ ባሕሩ ጣሏቸው።